ያለ ኮድ ድረ ገጽና መተግበሪያ መሥሪያዎች አመራረጥ፤ በኦሎምፒያ ካየነው በመነሣት

ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ኦሎምፒያ ላይ፤ ከአንድ ፎቅ ውስጥ የሐበሻ ቀሚስ የሚያሰፉ ወይዘሮ አሉ። እኒህ ወይዘሮ ፕሮግራመር ሳይቀጥሩ፤ ያለ ኮድ ድረ ገጽና መተግበሪያ ከሚሠራባቸው የውጭ አገር መድረኮች በአንዱ፤ በሦስት ምሽት ብቻ የትእዛዝ መቀበያ ገጽ አበጅተው ነበር። ገጹ ያማረ ነበር። የወር ክፍያው ግን በዶላር ስለ ሆነ የሚከፈለው አሜሪካ በሚኖሩት እኅታቸው ካርድ ነበር። የካርዱ ጊዜ ሲያልፍ ገጹ ተዘጋ፤ የሁለት ዓመት ትእዛዝና የደንበኞች የልብስ ልክም አብሮ ተዘጋ።

እኛ ተማሪዎች ስለ እነዚህ መድረኮች ስንከራከር የምናነጻጽረው መልካቸውንና ፍጥነታቸውን ነው። ይህን አመራረጥ እንነቅፋለን፤ የኛን አገር ሰው የሚያሰናክለው ሌላ ቦታ ነውና።

አንደኛው እንቅፋት ገንዘብ ነው። ብዙዎቹ መድረኮች የገዢን ክፍያ የሚቀበሉት እንደ ስትራይፕ ባሉ ድርጅቶች በኩል ሲሆን፤ ስትራይፕ ለኢትዮጵያ ነጋዴ አያገለግልም። የኦሎምፒያ ገዢ የሚከፍለው በባንክ ወይም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በቴሌብር ነው። ወጪውም ቢሆን፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ በወር 30 ዶላር የሚከፍል ሰው 1,700 ብር ያህል የነበረው ወጪው አንድም ነገር ሳይጨመርለት ከ3,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው።

ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ስለ ገባ መጻፉ ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ቀኑ ነው። የአብዛኞቹ ቀን መምረጫ ጳጉሜን አያውቅም፤ «ሦስት ሰዓት» ብሎ የጧት ቀጠሮ የያዘውንም ደንበኛ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይመዘግበዋል። (በዚህ ስንስቅ ወይዘሮዋ አልሳቁም።)

ከሁሉ የሚብሰው ግን የመውጫው ነገር ነው። በበብል የተሠራ መተግበሪያ መረጃው ሊወርድ ቢችልም፤ ሥራው ራሱ ተነቅሎ ወደ ሌላ ሰርቨር አይሄድም፤ የዊክስም ገጽ እንደዚሁ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው ዎርድፕረስ ግን ኮዱ ለሁሉ ክፍት በመሆኑ፤ ገጹን ጠቅልሎ ወደ አገር ውስጥ ሰርቨር ማዛወር ይቻላል፤ ቻፓ የተባለው የአገራችን የክፍያ ድርጅትም ከዚሁ ጋር የሚገጠም ማያያዣ አዘጋጅቷል።

አመራረጥን ከቦታው ጠባይ መጀመር እንደሚቻል የሚያሳይ ምሳሌ በአገራችን አለ። ጤና ሚኒስቴር ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያወጣው የኤሌክትሮኒክ መዝገብ የተሠራው ኮምኬር በተባለ መድረክ ላይ ነው። ኮምኬር ለዓይን የሚማርክ አይደለም፤ ነገር ግን ኔትዎርክ በሌለበት ቀበሌ የተመዘገበውን በስልኩ ይዞ ቆይቶ፤ ኔትዎርክ ሲገኝ ይልካል።

ለወይዘሮዋ ዎርድፕረስን ከቻፓ ጋር ብንመክራቸው፤ «የፊተኛው ይቀለኝ ነበር» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ ሦስት ምሽት ሳይሆን ሦስት ሳምንት ፈጅቶባቸዋል። አሁን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁን ከመዝጋታቸው በፊት የደንበኞቻቸውን ልክ ወደ ኮምፒዩተራቸው ያወርዳሉ።