መብራቱ ተምሩን አሳየ፣ ውሃውን ግን ደበቀ

እኔ ስለ ጥበብ ለመጻፍ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ትምህርቴ አስረኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ከዚያ ወዲህ የያዝኩት መጥረጊያና ማንኪያ ነው። ነገር ግን ባለፈው ስንገናኝ አንዲት እህታችን፣ «ይሄን ሁሉ ብር ለመብራት የሚከፍለው ማነው? ለእኛስ ምን ያደርግልናል?» ብላ ጠይቃ መልስ ሳታገኝ ቀረች። እኔ መብራቱን አይቻለሁና የመሰለኝን ልናገር።

በ2025 ኖቬምበር ነው። ማናር አቡ ዳቢ የሚባለው የብርሃን ዝግጅት በዚያ ዓመት እዚህ አል አይን ድረስ መጥቶ በአል ጂሚና በአል ቀጣራ የተምር እርሻዎች ውስጥ ተተክሎ ነበር። ማናር በአረብኛ የብርሃን ማማ እንደማለት ነው። የቤቱን ሦስት ልጆች ይዤ ሄድኩ።

መጀመሪያ ደጉን ልናገር። በጭቃ ግድግዳዎቹ መሃል በጠባቡ መንገድ ስትሄዱ የተምሩ ግንድ በብርሃን ተመቶ ጠባሳው ሁሉ ይታያል። እኔ ተምርን የማውቀው ግቢ ላይ ቅጠልና አቧራ የሚጥልብኝ፣ ጠዋት ጠዋት የምጠርገው ነገር አድርጌ ነበር። ያን ቀን ግን ቀና ብዬ አየሁት። ሰው የለመደውን ነገር እንደ አዲስ ካሳየ ሥራው ሥራ ነው፤ ይሄን አልክድም።

ታዲያ ትንሹ ልጅ ከመንገዱ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ዘሎ ገባና፣ «ውሃው የት አለ?» አለኝ። ቦዩ ደረቅ ነበር። መልስ አጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄው ከጭንቅላቴ አልወጣም።

የምኖርበት ሰፈር ስሙ ፈላጅ ሃዛ ነው። ፈላጅ ማለት የውሃ ቦይ ነው። የዱሮ ሰዎች ከተራራ ሥር ያለውን ውሃ መሬት ለመሬት ቆፍረው፣ ያለ ምንም ሞተር፣ በቁልቁለቱ ብቻ እስከ ተምሩ ያደርሱት ነበር። አል አይን አካባቢ ይህ ጥበብ ወደ ሦስት ሺህ ዓመት ዕድሜ አለው። ዩኔስኮም በ2011 የአል አይንን የተምር እርሻዎችና ጥንታዊ ቦታዎች፣ በ2020 ደግሞ የፈላጅን ባህል ራሱን መዝግቧል። ዛሬ ግን የከርሰ ምድሩ ውሃ እየራቀ ስለሄደ ብዙዎቹ ፈላጆች ውሃ የሚያገኙት በፓምፕ ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ ብርሃን ያረፈበት ተምር በፓምፕ የሚኖር ተምር ነው። ስለ ተፈጥሮ እናገራለሁ የሚል መብራት ግንዱን አድምቆ ሥሩን ካላሳየ ግማሹን ነው የነገረን።

ይህ ነገር አል አይን ላይ ብቻ አይደለም። ማናር መጀመሪያ የተዘጋጀው በ2023 ነበር፤ ያኔ የምሠራው አቡ ዳቢ ከተማ ነበር። ሰማሊያ ደሴት ላይ ቲምላብ የሚባሉ ጃፓኖች በውሃውና በማንግሮቭ ዛፎቹ መሃል እንቁላል የሚመስሉ ትልልቅ ነገሮች አቁመው ነበር። ሲገፉት ጎንበስ ብሎ ይነሳል፣ ቀለሙን ይለውጣል፣ ድምፅ ያሰማል። ከዚያ አጠገቡ ያለው ይቀበለዋል፤ ዛፎቹም ይቀበሉታል። እኔ በጣም ወደድኩት። «የአንተ እጅ የነካው ሌላውንም ይነካል» የሚለውን ያለ ንግግር ለሕፃን ልጅ ያስረዳል። ጉድለቱ ግን እዚያው ላይ ነው። ቀስ ብለህ ብትነካው ያምራል፤ በኃይል ብትገፋውም ያምራል። እውነተኛው ማንግሮቭ እንደዚያ አይደለም። ውሃው ከተበከለ ይደርቃል፣ ዓሣውም ይሄዳል። ተፈጥሮ አንዳንዴ «በቃኝ» ትላለች። እዚያ ደሴት ላይ «በቃኝ» የሚል ቀለም አላየሁም።

ለምን? እዚህ ላይ ነው የብሩ ነገር የሚመጣው። የአቡ ዳቢ የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት በ2023 ለአደባባይ ጥበብ በየዓመቱ 35 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ አስታውቋል። ማናርም የዚያ ሥራ አካል ነው። ይሄ መጥፎ ነው አልልም። ሠሪው በየሱቁ ደጅ አይለምንም፤ በተምሩ ላይም የሞባይል ወይም የለስላሳ ማስታወቂያ አይለጠፍም። ግን ከፋዩ አንድ ሲሆን ሠሪው ከፋዩን የሚያስቀይም ነገር ማውራት ይከብደዋል። ያኔ ማናር በራበት በዚያው ሰሞን ዱባይ ላይ ኮፕ 28 ነበር፤ የዓለም መንግሥታት ከነዳጅ ስለመራቅ ይከራከሩ ነበር። የዚህ አገር ሀብት ከነዳጅ መምጣቱን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። በእርግጥ ሁሉም መብራት ከነዳጅ ነው ብል እዋሻለሁ። ስዌይሃን ላይ በ2019 ሥራ የጀመረው ኑር አቡ ዳቢ 3.2 ሚሊዮን የፀሐይ ሰሌዳ አለው። ታዲያ ያንንስ ቢሆን ለምን አይነግሩንም?

በአገራችንም ያው ነው። በ2019 ሜይ ላይ «ገበታ ለሸገር» በሚል የአዲስ አበባን ወንዞች ለማጽዳትና ለማስዋብ እራት ተዘጋጅቶ አንድ ሰው የሚቀመጥበት 5 ሚሊዮን ብር ነበር። ፓርኩ ተሠራ፣ አምሯል፣ ሰውም ይዝናናበታል። ማዕዱ ላይ የተቀመጠው ግን የከፈለው ነው፤ ወንዙ ዳር ልብስ የምታጥበዋ ሴት ወንበር አልነበራትም።

የፈላጁ አከፋፈል ግን ሌላ ነበር። ውሃው በሰዓት ተከፋፍሎ ለየባለ ድርሻው ይደርሳል፤ የሚጠጣው ሰው ለጥገናውም ያዋጣል፣ ይሠራል። የሚያስተዳድረውን ሰው አሪፍ ይሉታል፤ እኛ «አሪፍ» የምንለው ቃል ከዚሁ ከአረብኛ የመጣ ነው፤ አዋቂ ማለት ነው። ቦዩን ካላጸዳችሁ ውሃ የለም። እዚያ ላይ ገንዘቡና መልእክቱ አንድ ነበሩ። የአካባቢ ጥበቃ መልእክት ማለት ለእኔ ይሄ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። እኛ የቲማቲምና የሽንኩርት ደረሰኝ ለማዳም ይዘን እንገባለን። መብራቱም ደረሰኝ ይኑረው። መግቢያው ላይ በአረብኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ ቢቻል በአማርኛም ይጻፍ፤ ስንት ወጣበት፣ መብራቱ ከየት መጣ፣ ስንት ሰዓት ላይ ይጠፋል። የሌሊት ብርሃን የእሳት ራትንና መንገደኛ ወፍን ያሳስታል። ከሰሜን ተነስተው ወደ አፍሪካ ከሚወርዱት ወፎች ብዙዎቹ በዚህ በአረብ ምድር ላይ ያልፋሉ። ጨለማም ለእነሱ ቤት ነው።

ሌላው ጥያቄ የራሳችን ነው። መብራት የሚበራው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። የ2022ቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ከነክፍያው እረፍት ይሰጠናል። እኔ ግን እረፍት በወጣሁ ቀን «ከመግሪብ በፊት ግቢ» ነው የምባለው። ያየሁት ልጅ ጠባቂ ሆኜ ነው፤ ግማሹን ያየሁት ልጆቹን በምቀርጽበት ስልክ ውስጥ ነው። መግቢያው በነፃ ቢሆን እንኳ ማታ ለሌላት ሴት በነፃ አይባልም።

«እኛም አዋጥተን የራሳችንን መብራት እንሥራ» ላላችሁት ደግሞ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ በእቁብ ቤት የሠራን፣ ወንድም ያስተማርን ሴቶች ነን፣ አያቅተንም። ግን ተጠንቀቁ። በዚህ አገር ከ2021 ጀምሮ በወጣ ሕግ ያለ ፈቃድ ከሰው መዋጮ መሰብሰብ ክልክል ነው፤ በዋትስአፕም ቢሆን። በጥሩ ሐሳብ ተነስታችሁ እንዳትታሰሩ። ከብር በፊት የምንጠይቀው ማታ ነው። የሚቀጥለው ማናር ሲመጣ አንድ የእረፍት ቀናችሁን ወደ ማታ እንዲያዞሩላችሁ አስቀድማችሁ ለአሠሪያችሁ ንገሩ፤ በስልክ ጽፋችሁ ላኩ፣ እንዲቀመጥ።

ከሄዳችሁ ደግሞ ቀና ብላችሁ ተምሩን እዩ፤ ያምራል። ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ ቦዩን እዩ። አጠገባችሁ ላለው አስተናጋጅም የዚያን ትንሽ ልጅ ጥያቄ ጠይቁልኝ፤ ውሃው የት አለ?