የመማሪያ መጽሐፍ ገጽና የራያ ቆላ ሕፃን

ስለ መማሪያ መጻሕፍት በሚደረግ ውይይት ሁሉ ቀድሞ የሚነሣው የይዘት ጉዳይ ነው። ትምህርቱ ለክፍሉ ይመጥናል ወይ? ቃላቱስ ለዕድሜው አይከብዱም? መልመጃዎቹ በቂ ናቸው? እነዚህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ተማሪው መጽሐፉን ሲገልጥ በመጀመሪያ የሚያገኘው ይዘቱን ሳይሆን ገጹን ነው፤ የፊደሉን መጠን፣ የመስመሩን ርዝመት፣ የኅዳጉን ስፋት፣ የሥዕሉን አቀማመጥ። ገጹን የሚያደላድለው ባለሙያ ግን በገምጋሚዎች ዘንድ እንደ አስጊያጭ እንጂ እንደ አስተማሪ ሲቆጠር እምብዛም አይታይም። በመሆኑም ንድፍ የሚተችበት ጊዜ ሁልጊዜ መጽሐፉ ታትሞ ካለቀ በኋላ ነው።

ጉዳዩን ከአንድ ሥፍራ አንጻር መመልከት ይበጃል። ቆቦ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በምዕራብ ካለው ደጋና በምሥራቅ ካሉት የዞብል ተራሮች መካከል በተዘረጋው የራያ ሜዳ የምትገኝ ከተማ ናት። ሆርማትና ጎሊና ከደጋው እየወረዱ ሜዳውን ያጠጡታል፤ ሲሞሉም ያጥለቀልቁታል። ማሽላው ፍሬ በሚይዝበት ወራት ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ይከላከላሉ፤ ከዚያም አጨዳው ይከተላል። በዚህ ምክንያት ከትምህርት ቤት ለሳምንታት የሚቀር ልጅ ብርቅ አይደለም። ተመልሶ ሲመጣ መጽሐፉን ብቻውን ይዞ የሚቀመጥ አይደለም፤ እንደ ብዙው የገጠር ትምህርት ቤት ሁሉ ለሁለት ወይም ለሦስት ይጋራል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን ወሎ የተካሄደው ጦርነት የብዙ ትምህርት ቤቶችን ንብረት ማውደሙም ይህን መጋራት ይበልጥ አስገዳጅ አድርጎታል። እንግዲህ የገጹ እውነተኛ አንባቢ ይህ ነው፤ ከመጽሐፉ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ተቀምጦ፣ አንገቱን አዙሮ፣ ከየት እንዳቋረጠ እየፈለገ የሚያነብ ልጅ።

በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተካሄደ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ለዚህ የገጽ ንድፍ ብቻውን ተጠያቂ ነው ማለት ድፍረት ይሆናል። የለበትም ማለት ግን ከዚያ የባሰ ድፍረት ነው።

በወሎ የመጽሐፍ ንድፍ ከውጭ የገባ እንግዳ ሙያ አይደለም። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘውና በአባ ኢየሱስ ሞዓ ስም የሚታወቀው ባለ ሥዕል ወንጌል የተጻፈው በ1273 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህም የቁም ጸሐፊው የሥራ ውሎ ብዙ አልተለወጠም። የፍየል ቆዳ ታጥቦ በእንጨት ላይ ይወጠራል፤ ጠጕሩና ስቡ ተፍቆ ብራናው ይለሰልሳል። ጸሐፊው ገና ብርዑን ከቀለም ቀንዱ ሳያጠልቅ በወስፌ ጫፍ ኅዳጉን ይወጋል፤ በነጥቦቹም መካከል ያለ ቀለም ደረቅ መስመር ያሰምራል። ስንት ዐምድ፣ በየዐምዱ ስንት መስመር፣ ከግርጌው ምን ያህል ባዶ እንደሚቀር የሚወሰነው የመጀመሪያው ቃል ከመጻፉ በፊት ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ቅደም ተከተሉ ነው፤ ገጹ ለአንባቢው አስቀድሞ ይዘጋጃል፤ ጽሑፉም በተዘጋጀለት ቦታ ይገባል።

የፈጠራ መነሣሣት ከየት ይመጣል? ለሚለው ጥያቄም የዚህ ሰው ውሎ ጥሩ መልስ ይሰጣል። መነሣሣትን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። አንባቢውን ያውቀዋልና ከእርሱ ፍላጎት ይነሣል። ለቅዳሴ የሚሆነው መጽሐፍ በደብዛዛ ብርሃን ቆመው የሚያነቡት ነውና ፊደሉ ይጐላል። በማኅደር ከትቶ በትከሻ የሚንጠለጠለው ዳዊት ደግሞ ያንሳል። ዳዊት ለዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ትኩረት ይገባዋል፤ ምክንያቱም በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ንባብ የሚጸናው በእርሱ ነበርና። በብራናው ዳዊት መዝሙሩ በአንድ ዐምድ ይጻፋል፤ አንዱ ስንኝም በአንድ መስመር ያልቃል። ከመስመሩ የተረፈ ቃል ቢኖር ጸሐፊው ከመጨረሻው በላይ ወይም በታች ደርቦ ያስገባዋል እንጂ ቀጣዩን መስመር አያስነካውም። ስለዚህ የልጁ ዐይንና ትንፋሽ አብረው ያርፋሉ። የቀይ ቀለሙም ሥራ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ አርእስቱንና የክፍሉን መነሻ ለይቶ ያሳያል። ከትምህርቱ የራቀ ልጅ ተመልሶ ሲመጣ ቀዩን ተከትሎ ያቆመበትን ያገኛል። ለቆቦው ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ምን ያስፈልገዋል?

በሌላው ወገን የቁርኣን ተማሪዎች የሚጽፉበት ሉሕ አለ። በእንጨቱ ላይ የዕለቱ ትምህርት ይጻፋል፤ ከተጠና በኋላ ይታጠባል፤ ሌላው ይተካል። አንድ ትምህርት አንድ ገጽ ነው። በዚህ ዘመን መጽሐፍ ውስጥ ምንባቡ በአንድ ቅጠል ፊት፣ ጥያቄው በጀርባው በሚታተምበት ጊዜ፣ ሦስት ሆነው የሚያነቡ ልጆች በየደቂቃው ቅጠል ለመገልበጥ ሲሻሙ የሚፈጠረውን ሁከት ሉሑ አያውቀውም።

ከብራናና ከሉሕ ወደ ኅትመት ሲታለፍ መጀመሪያ ሊመሰገን የሚገባው የተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ የፊደል ገበታ ነው። ሰባቱ ድምፆች በተርታ፣ ቤቶቹ ወደ ታች፤ ልጁ በስንደዶ እየጠቆመ ወደ ጎንም ወደ ታችም ይሄዳል። የገበታው ንድፍ ራሱ ትምህርት ነው፤ መምህሩ ባይኖር እንኳ የፊደሉን ሥርዓት ያስረዳል። ይህን ያህል ርካሽ ወረቀት ይህን ያህል ያስተማረበት ሌላ የሀገር ውስጥ ኅትመት መጥቀስ ያስቸግራል።

ችግሩ የሚመጣው ከገበታው በኋላ ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የፊደል ለቃሚው እርሳስ፣ በኋላም ኮምፒዩተሩ የብራናውን ቦታ ሲወርሱ ሁለት ነገሮች በቸልታ ተጥለዋል። አንደኛው ሁለት ነጥብ ነው። ጸሐፊው ቃሉን በመስመር መጨረሻ ላይ በፈለገው ቦታ ቢቆርጠው ጉዳት አልነበረውም፤ የቃሉን ማለቂያ የሚነግሩት ሁለቱ ነጥቦች ነበሩና። ነጥቡ ቀርቶ ልማዱ ብቻ ሲቀር ግን «አስተማሪ» የሚለው ቃል «አስተ» ላይ ተቆርጦ «ማሪ» በቀጣዩ መስመር ራስ ላይ ይቀመጣል፤ ጀማሪው አንባቢም ራሱን የቻለ ቃል አድርጎ ያነበዋል። ኮምፒዩተሩ ቃሉን አልቆርጥም ሲል ደግሞ የቀኙን ጠርዝ እኩል ለማድረግ በቃላቱ መካከል ሰፊ ክፍተት ይተዋል፤ ገጹም እንደ ወላለቀ ጥርስ ይሆናል። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ለታችኞቹ ክፍሎች የቀኙን ጠርዝ እንደ ወደቀ መተው፣ ከተቻለም ዐረፍተ ነገሩን እንደ ዳዊቱ ስንኝ በአንድ መስመር መጨረስ ነው። ጠርዙ ያላማረ ገጽ ለጎብኚ ያስቀይም ይሆናል፤ ለልጁ ግን ይነበባል።

ሁለተኛው የፊደሉ መጠን ነው። የላቲን ፊደል ሲያንስ የሚጠፋውና የእኛው ሲያንስ የሚጠፋው አንድ አይደለም። ካዕቡ ቅጥያውን ከእግሩ ወገብ ያወጣል፤ ሣልሱ ከግርጌው፤ ኃምሱ ያችኑ ግርጌ በቀለበት ይዘጋታል። ፊደሉ አንሶ ቀለሙ ሲፈስ ቀለበቷ ትደፈንና «ሌ» «ሊ»ን ይመስላል። «አባቱ» እና «አባቴ» የሚለያዩት በአንዲት ቅጥያ ነው። ከዚያም ልጁ ገምቶ ማንበብ ይለምዳል፤ መምህሩም ችሎታ አነሰው ይላል።

ፊደሉ ለምን ያንሳል? ምክንያቱ የንድፍ ክፍሉ የዕለት ሥራ ውስጥ ነው። መጽሐፍ የሚታተመው አንድ ትልቅ ሉሕ ወረቀት ብዙውን ጊዜ 16 ገጽ እንዲሆን እየታጠፈ ነው። ረቂቁ ከታሰበው በላይ ረዝሞ በመጨረሻው ሰዓት ሲደርስ ሌላ 16 ገጽ ለመጨመር ገንዘብም ወረቀትም አይገኝም። ስለዚህ ፊደሉ ይጠብባል፣ ኅዳጉ ይሸረፋል፣ ሥዕሉ የቴምብር ያህል ይሆናል። ንድፍ አውጪው ጥበብ ስላነሰው አይደለም፤ ገጹን እንዲያሰምር የሚጠራው ጽሑፉ ካለቀ በኋላ በመሆኑ ነው። ቁም ጸሐፊው አስቀድሞ የሚሠራውን ይህኛው በስተመጨረሻ እንዲሠራ ይታዘዛል።

መሻሻል አልታየም ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ከምዘናው በኋላ በሰባት የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች የተዘጋጁት የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ መጻሕፍት፣ በተለይ ለጀማሪዎቹ ክፍሎች፣ ለፊደሉ መጠንና ለሥዕሉ የሰጡት ቦታ ከቀድሞዎቹ በግልጽ ይሻላል። ወደ ላይኞቹ ክፍሎች ሲታለፍ ግን የቀድሞው ጥበት ይመለሳል፤ አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ሁሉ አንባቢ ሆኗል ተብሎ የሚታመን ይመስላል።

ስለ ሥዕሉ ብዙ መናገር አያሻም። አጨዳ ሲባል የደጋውን ገብስ ብቻ የሚሥል እጅ የራያን ልጅ ከመጽሐፉ ያርቀዋል። ከሰው ቁመት የሚበልጠው ማሽላ፣ ማማው፣ ጭነት የተሸከመው ግመል፣ ደራሽ ጎርፍ ያመጣው ደለል፣ እነዚህ ሁሉ ለሠዓሊ የሚያጓጉ ቅርጾች ናቸው። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የአንደኛ ደረጃ መጻሕፍት ዝግጅት ወደ ክልሎች መውረዱም ለዚህ በር ከፍቷል። በሩ እስከ ባሕር ዳር ድረስ ተከፍቷል ማለት ግን ቆቦ ደርሷል ማለት አይደለም።

አንድ መጽሐፍ በሙሉ ከመታተሙ በፊት 16 ገጽ ለሙከራ ማውጣት ለማንኛውም ማተሚያ ቤት ቀላል ነው። ያንን ይዞ ቆቦ መውረድ ለንድፍ አውጪው የአንድ ቀን መንገድ ነው። በአንድ ዴስክ ላይ ሦስት ልጆች ተቀምጠው ሲያነቡት ቆሞ ይመልከት፤ በተለይ ከዳር ያለውን። ጉዞው ለክፍሉ ጸጥታ ሲባል ወደ ሌላ ወራት ባይዛወር ይመረጣል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ቢሆን ይሻላል፤ ከማማው የወረደው ልጅ መጽሐፉን ገልጦ ያቆመበትን ማግኘቱና አለማግኘቱ የሚታየው ያን ጊዜ ነውና።