ሳይቃጠል በቅጠል፦ ስለ ሲ ፕሮግራም መርማሪ መሣሪያዎች ምርጫ

በሲ ቋንቋ ፕሮግራም በምንጽፍ ተማሪዎች መካከል አንድ ጥያቄ ሲመላለስ ይሰማል። ይኸውም ፕሮግራሙን ሳያስኬዱ ጽሑፉን ብቻ እያነበቡ ስሕተቱን ከሚያመለክቱት መሣሪያዎች የትኛው ይበልጣል የሚል ነው። መልስ ተብሎ የሚቀርበውም አብዛኛውን ጊዜ ሰንጠረዥ ነው፤ በአንድ ወገን የመሣሪያዎቹ ስም፣ በሌላው ወገን እያንዳንዱ ያወጣው የማስጠንቀቂያ ብዛት ይሰፍርበታል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ጥያቄው በደንብ እንዳልተጠየቀ፣ ሰንጠረዡም ምርጫን የሚያሳስት መሆኑን ማስረዳት ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን ነገሩ ስለምን እንደሚያሳስብ እንመልከት። የሲ ቋንቋ ለማሽኑ ቅርብ በመሆኑ ለጸሐፊው ብዙ ነጻነት ይሰጠዋል። አሥራ ስድስት ቦታ ብቻ በተዘጋጀለት ድርድር ላይ አሥራ ሰባተኛ ነገር ቢጽፍ ቋንቋው አይከለክለውም። አጠገቡ ያለው የሜሞሪ ክፍል ይበላሻል፤ ፕሮግራሙ ግን ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ሥራውን ሊቀጥል ይችላል። ጥፋቱ የሚገለጠው ምናልባት ከወራት በኋላ፣ ያውም ከሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው አስቀድሞ መመርመር የሚያስፈልግ ሆነ። እስቴፈን ጆንሰን በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ በቤል ላቦራቶሪ ያዘጋጀው ሊንት የተባለው መሣሪያ የዚህ ሥራ ፈር ቀዳጅ ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ የሚሄድ ሁሉ አንድ ድንበር ይገጥመዋል። አለን ቱሪንግ በ1936 ማናቸውም ፕሮግራም ይቆም ወይም አይቁም እንደሆነ ሁልጊዜ በትክክል የሚወስን አጠቃላይ ዘዴ እንደሌለ አረጋገጠ። ሄንሪ ራይስም በ1953 ባሳተመው ጥናት ይህንኑ አስፍቶ፣ ስለ ፕሮግራሞች ጠባይ የሚነሡ ቁም ነገር ያላቸው ጥያቄዎች ሁሉ እንደዚሁ መሆናቸውን አሳየ። ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። አንድም ጥፋት ሳያመልጠው፣ ንጹሑንም ሳይከስ፣ በማናቸውም ፕሮግራም ላይ ፍርዱን የሚጨርስ መሣሪያ ሊኖር አይችልም። አንዱ ዳኛ ወንጀለኛ እንዳያመልጠው ሲል ንጹሑንም ያስራል፤ ሌላው ንጹሕ እንዳይበደል ሲል ወንጀለኛውን ይለቃል። መሣሪያዎቹም እንደዚሁ ናቸው። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት የትኛው አይሳሳትም ተብሎ ሳይሆን፣ ለያዝነው ሥራ የትኛውን ስሕተት ልንሸከም እንችላለን ተብሎ ነው።

ንጹሕ እንዳይበደል ከሚጠነቀቁት ወገን በ2007 የተጀመረው ሲፒፒቼክ ይገኛል፤ ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ እጅግ ጥቂት እንዲሆን ማድረግን ግቡ አድርጎ የተነሣ ነው። የክላንግ ስታቲክ አናላይዘርና በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከተደረገ ምርምር የተወለደው ኮቨሪቲም ከዚሁ ወገን ሊቈጠሩ ይችላሉ። የኮቨሪቲ ሠሪዎች በ2010 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሐሰተኛው ማስጠንቀቂያ ከመቶ 30 ሲያልፍ ሰዎች መሣሪያውን ችላ ማለት እንደሚጀምሩ ከልምዳቸው ገልጸዋል። ይህ አስተያየት የማስጠንቀቂያ ብዛትን እንደ ብልጫ ለሚቈጥሩ ሁሉ በቂ መልስ ይመስለኛል።

ነገር ግን ይህም ወገን ዕዳ አለበት። በኤፕሪል 2014 ሃርትብሊድ የተባለው ስሕተት ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል በተባለው የምስጢር መጠበቂያ ፕሮግራም ውስጥ ተገለጠ። ስሕተቱ ሲታይ ቀላል ነው፤ ላኪው መልእክቴ ይህን ያህል ይረዝማል ብሎ የጻፈው ቁጥር ከእውነተኛው ርዝመት ጋር አይመዛዘንም ነበር። በዚህም ምክንያት ክፉ አሳብ ያለው ሰው በአንድ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎባይት የሚደርስ የሌላ ሰው ምስጢር ሊወስድ ይችል ነበር። ስሕተቱ ሁለት ዓመት ያህል ተሰውሮ ቈይቷል፤ ኮቨሪቲም ሳያገኘው ቀረ። ቁጥሩ ከውጭ የመጣና የማይታመን መሆኑን መከተል አልቻለም ነበርና። ከተገለጠ በኋላ ሠሪዎቹ አዲስ ብልሃት ጨመሩ፤ ፕሮግራሙ የአንድን ቁጥር ባይቶች ሲገለብጥ ቁጥሩ ከኔትወርክ የመጣ ሳይሆን አይቀርም ብሎ እንዲጠረጥር አደረጉት። ብልሃቱ መልካም ነው፤ ግን የመጣው ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ነው።

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ ብቻ አይደለም። እኔም ራሴ ለቤተ ሙከራ ሥራ የጻፍኩትን አጭር ፕሮግራም አስመርምሬ አንድም ማስጠንቀቂያ ባለመውጣቱ ተደስቼ ነበር። ጓደኛዬ ግን ከተመደበለት ቦታ የበለጠ ረዥም ስም ቢያስገባበት ፕሮግራሙ ወደቀ። መሣሪያው አልዋሸም፤ የነገረኝ «አላየሁም» ብሎ ነው እንጂ «የለም» ብሎ አይደለም። ሁለቱን ቃል አንድ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

«የለም» የማለት ሥልጣን ያለው ሁለተኛው ወገን ነው። ፓትሪክና ራድያ ኩሶ በ1977 ያቀረቡት ንድፈ አሳብ፣ ፕሮግራሙ ሊደርስባቸው የሚችሉትን ሁኔታዎች ሁሉ አንድም ሳያስቀር በሰፊ ግምት መጠቅለልን ያስተምራል። በዚሁ መሠረት በፓሪስ ኤኮል ኖርማል ሱፔሪዮር የተሠራው አስትሬ፣ በኖቬምበር 2003 የኤርባስ ኤ 340 አውሮፕላን ዋና የበረራ መቈጣጠሪያ ፕሮግራም በሚሄድበት ጊዜ የሚያሰናክል ስሕተት እንደሌለበት አረጋገጠ። የፕሮግራሙ ርዝመት 132,000 መስመር ሲሆን ምርመራው የፈጀው አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነበር። ይህ እጅግ የሚያስደንቅ ሥራ ነው። ቢሆንም አስትሬ የታሰበው ሜሞሪ በየጊዜው ለማይጠይቁ፣ ራሳቸውንም መልሰው ለማይጠሩ፣ በጥብቅ ሥርዓት ለተጻፉ ፕሮግራሞች ነው። ደግሞም ያረጋገጠው ፕሮግራሙ እንደማይሰናከል እንጂ የታዘዘውን በትክክል መፈጸሙን አይደለም። እንደ ልብ የተጻፈ ፕሮግራም ለእንዲህ ያለ መሣሪያ ቢሰጡት በጥርጣሬ ብዛት አንባቢውን ያሰለቸዋል።

ሦስተኛውን ወገን ሰንጠረዦቹ ብዙ ጊዜ ይረሱታል። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2003 ለሊኑክስ ከርነል የጀመረው ስፓርስ የዚህ ምሳሌ ነው። ለኮምፓይለሩ ከተጠቃሚ ፕሮግራም የመጣ አድራሻም ሆነ የከርነሉ የራሱ አድራሻ አንድ ነው፤ ለከርነሉ ደኅንነት ግን ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ያህል ነው። ጸሐፊዎቹ በመጀመሪያው ላይ ምልክት ያደርጉበታል፤ ስፓርስም ምልክት ያለበት አድራሻ ያለ ጥንቃቄ በቀጥታ ሲነበብ ያስጠነቅቃል። መሣሪያው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን የቤቱን ሕግ ያውቃል።

«እንግዲያስ ሁሉንም ሰብስቦ ያሉትን መፈጸም ነው» የሚል አይጠፋም። ለእርሱ የዴቢያን ታሪክ ይበቃዋል። በ2006 አንድ የሜሞሪ መርማሪ ላወጣው ማስጠንቀቂያ መልስ ለመስጠት ሲባል፣ ዴቢያን በሚያሠራጨው ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ውስጥ የጽሑፍ ማረም ተደረገ። ያ መሣሪያ ፕሮግራሙ ሲሄድ የሚመለከት ስለሆነ ከጉዳያችን ጥቂት ይለያል፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ከተሰረዘው ጋር የምስጢር ቁልፎችን የማይገመቱ የሚያደርገው ነገር አብሮ ተሰረዘ። በሜይ 2008 ነገሩ ሲገለጥ፣ ለአንድ ዓይነትና መጠን ሊወጡ የሚችሉት ቁልፎች 32,768 ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። ማስጠንቀቂያው ጠፋ፤ ደኅንነቱም አብሮ ጠፋ።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። መሣሪያ ከመምረጥ በፊት ጸሐፊው ሦስት ነገር ይመልስ፦ ስሕተት ቢያመልጥ የሚጐዳው ማን ነው፤ ማስጠንቀቂያዎቹን አንድ በአንድ የሚያነብ ሰው አለ ወይ፤ ፕሮግራሙስ የራሱ የሆነ ምን ሕግ አለው። ለእኛ ለተማሪዎች ከኮምፓይለሩ ማስጠንቀቂያ መጀመር፣ ቀጥሎም ሲፒፒቼክን ወይም የክላንጉን መሣሪያ መጨመር ይበቃል፤ ሁሉም በነጻ ይገኛሉና። ከባድ ኃላፊነት ያለበትን ትንሽ ክፍል ግን ለይቶ፣ ውሉን ጽፎ፣ ፍራማ ሲን በመሰለ መሣሪያ ማረጋገጥ ይገባል። የማንበቡ ሥራ ግን ለማንም አይተላለፍም። መሣሪያው ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም፤ ምስክሩ ዝም ባለ ጊዜም ቢሆን ፍርዱ የሚጠበቀው ከጸሐፊው ነው። በአቀራረቤ የጐደለ ነገር ያገኙ መምህራንና ጓደኞች ቢያርሙኝ በደስታ እቀበላለሁ።