ገመና ሸፋኙ ፎቶ አንሺ፦ «የሮም ዕረፍት» በተሰኘው ፊልም ላይ የቀረበ ሂስ

«ፓፓራዚ» የሚለው ቃል ዛሬ በዕብራይስጡም በአማርኛውም ጋዜጣ ይነበባል። ታዋቂ ሰዎችን አድብቶ፣ ሳያስፈቅድ ፎቶግራፍ አንሥቶ የሚሸጥ ሰው ማለት ነው። ቃሉ የተገኘው ኢጣሊያዊው ፌዴሪኮ ፌሊኒ በ1960 ካወጣው «ላ ዶልቼ ቪታ» ከተባለው ፊልም ነው፤ በዚያ ውስጥ ፓፓራዞ የሚባል ፎቶ አንሺ ስላለ ስሙ ለሥራው መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ይሁን እንጂ ከዚያ ሰባት ዓመት ቀድሞ፣ በዚያችው በሮም ከተማ፣ ስለዚሁ ሥራ የተሠራ አንድ አስቂኝ ፊልም አለ። እርሱም በ1953 የወጣው «የሮም ዕረፍት» ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፊልሙ ያረጀ ቢሆንም የሚያነሣው ጥያቄ አላረጀም፤ ለእኛ ማኅበረሰብም የሚነግረው ነገር ስላለ ልንመረምረው ወደናል።

የፊልሙ ዳይሬክተር ዊልያም ዋይለር ይባላል፤ በአልዛስ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። ልዕልት አን ስሟ ያልተጠቀሰ የአንዲት አገር አልጋ ወራሽ ናት። የአውሮፓን ከተሞች እየጎበኘች ሮም ስትደርስ፣ በየደቂቃው የተቆጠረው ፕሮግራም ያንገሸግሻታል። በእንግዳ አቀባበሉ ላይ ከረጅም ቀሚሷ ሥር እግሯን ልታሳርፍ ስትል ጫማዋ ያመልጣታል፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ተመልካቹ ሁሉ የእርሷ ወገን ይሆናል። ሌሊቱን ሐኪም የሚያስተኛ መድኃኒት ሰጥቷት ሳለ፣ በጭነት መኪና ተደብቃ ከኤምባሲው ትወጣለች። እንቅልፍ ጥሏት መንገድ ዳር የሚያገኛት ጆ ብራድሊ የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ነው፤ ማንነቷን ሳያውቅ ቤቱ ያሳድራታል። በማግሥቱ ፎቶዋን በጋዜጣ ላይ ሲያይ ያውቃታል። የቤት ኪራይ ያለበት፣ ከጓደኛው ገንዘብ የተበደረ ሰው ነውና ወዲያው ከአለቃው ጋር በ5,000 ዶላር ይዋዋላል። ኢርቪንግ የሚባለውን ፎቶ አንሺ ጓደኛውንም ሩቡን ሊሰጠው ቃል ገብቶ ይጠራዋል። ኢርቪንግ የሲጋራ መለኮሻ በሚመስል ትንሽ ካሜራ ልዕልቲቱን ቀኑን ሙሉ ሳታውቅ ያነሣታል።

የፊልሙ ሳቅ የሚመጣው ሁሉም ስለሚዋሹ ነው። እርሷ ከትምህርት ቤት የጠፋሁ ተማሪ ነኝ ትላለች፤ እርሱ ማዳበሪያ እሸጣለሁ ይላል፤ ኢርቪንግ አፉ እንዳያመልጠው ጆ መጠጥ ያፈስበታል፣ ከወንበርም ይጥለዋል። የዚህ ሁሉ ማሠሪያ «የእውነት አፍ» በሚባለው የድንጋይ ፊት ዘንድ የሚሆነው ነው። የሐሰተኛን እጅ ይነክሳል የሚባል አፈ ታሪክ አለው። ሁለቱም ሐሰተኞች ናቸውና ሁለቱም ይፈራሉ። ተዋናዩ ግሪጎሪ ፔክ እጁን በኮቱ እጅጌ ውስጥ ደብቆ የተነከሰ መምሰሉን ኦድሪ ሄፕበርን አስቀድማ አታውቅም ነበር፤ ስለዚህ ጩኸቷ የእውነት ጩኸት ነው። ከዚያ ሥፍራ ሳይርቅ፣ ፊልሙ በተነሣበት በ1952፣ የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር። የፋሺስት ጦር በ1937 አምጥቶ የተከለው ሲሆን የተመለሰው በ2005 ነው። የፊልሙ ታሪክ ይህን አያነሣም፤ እኛ ግን የሮምን አደባባይ ስናይ ማሰባችን አይቀርም።

ወደ መጨረሻው እንምጣ። ልዕልቲቱ በራሷ ፈቃድ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ጆ ጽሑፉን ለአለቃው አልሰጥም ይላል። ስለ ፎቶዎቹ ግን ኢርቪንግን አይከለክለውም፤ ብትሸጣቸው ልከለክልህ አልችልም ይለዋል። በማግሥቱ ልዕልቲቱ ለጋዜጠኞች በምትሰጠው መግለጫ ላይ ሁለቱ ከፊቷ ይቆማሉ። ኢርቪንግ ያንን መለኮሻ አውጥቶ ፊት ለፊቷ ያነሣታል፤ በዚህም ሁሉን ትረዳለች። ከዚያ ፖስታውን ከነፎቶዎቹ በእጇ ያስረክባታል።

ብዙዎች ስለዚህ ፊልም ሲናገሩ የሚያመሰግኑት ጆን ነው። እኛ ግን ምስጋናው ለኢርቪንግ ይገባል እንላለን። ጆ ወዷታል፤ የወደደ ሰው የወደዳትን አለመሸጡ ብዙ አያስደንቅም። ኢርቪንግ ግን ፍቅር አልያዘውም፤ ገንዘቡ ደግሞ ያስፈልገዋል፤ ፎቶዎቹም በእጁ ናቸው። የዚያች ልጅ አመኔታ ከ5,000 ዶላር እንደሚበልጥ ያለ ፍቅር የተረዳ እርሱ ነው። ሕግና ሥነ ምግባር የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው፤ ለምንወደው ሰው ሳይሆን ለማናውቀው ሰው በምናደርገው።

ጉድለቱንም እንናገር። ፊልሙ ጋዜጣ አንባቢውን ይከለክላል፤ ሲኒማ ተመልካቹን ግን አይከለክልም። ፎቶዎቹ በፖስታ ታሽገው ሲመለሱ እኛ ቀድመን ሁሉን አይተናል፤ ፀጉሯን ስትቆረጥ፣ ሲጋራ ስታጨስ፣ የጥበቃ ሰውን በጊታር ስትመታ። ያየነውም ደስ ብሎን ነው። ፓፓራዚን የሚያኖረው ገዢው እንደ ሆነ፣ ገዢውም እኛው እንደሆንን ፊልሙ ሊነግረን አልደፈረም። የእንግሊዟ ልዕልት ዳያና በ1997 በፓሪስ ፎቶ አንሺዎች መኪናዋን እያሳደዱ ሳለ በአደጋ ስትሞት፣ ያ በሳቅ የታለፈው ጉዳይ የሚያስከፍለው ዋጋ ታየ።

በኦሪት እንደተማርነው፣ ኖኅ በድንኳኑ ራቁቱን በተገኘ ጊዜ ካም አይቶ ለወንድሞቹ አወራ፤ ሴምና ያፌት ግን ወደ ኋላቸው እየሄዱ፣ ሳያዩ፣ ልብስ አለበሱት። ይህን ታሪክ በቆዳ ቀለም ላይ የተረጎሙት ሰዎች ዋናውን ትምህርት ስተዋል። ትምህርቱ ስለ ገመና ነው፤ ማየት አንድ ነገር ነው፣ ያዩትን ማውራት ሌላ ነው፣ መሸፈን ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። የታልሙድ ሊቃውንትም «ሄዜክ ረኢያ» ብለው የማየትን ጉዳት ከጉዳት ቆጥረውታል፤ የጎረቤትን ግቢ አሻግሮ መመልከት ሰውየውን መጉዳት ነው ብለዋል። አበው «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ይላሉ። ከካሜራ የወጣም እንደዚያው ነው።

ሆኖም ገመናን መሸፈንና ስምን መቅበር አንድ አይደሉም። የዚህ ፊልም ታሪክ ደራሲ ዳልተን ትራምቦ በኮሙኒስትነት ተጠርጥሮ ታስሮ የወጣ፣ ሆሊውድም በስሙ እንዳይሠራ ያገደው ሰው ነበር። ስለዚህ ድርሰቱ በወዳጁ በኢያን ማክሌላን ሃንተር ስም ወጣ፤ የኦስካር ሽልማቱም ለዚያ ስም ተሰጠ። ትራምቦ የሞተው በ1976 ሲሆን፣ ሽልማቱ በስሙ ለቤተሰቡ የተሰጠው በ1993 ነው። ሥራውን ዓለም ሁሉ እያየ ሠሪው አርባ ዓመት ሳይታወቅ ኖረ።

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ እንመለስ። በመጨረሻው የጋዜጠኞች ሰልፍ ውስጥ ከልዕልቲቱ ጋር ከሚተዋወቁት አንዱ የቴል አቪቩ «ዳቫር» ወኪል ነው። «ዳቫር» ከ1925 እስከ 1996 የታተመ የሠራተኞች ማኅበር የሂስታድሩት ጋዜጣ ነበር። እንግዲህ የእስራኤል ጋዜጣም በዚያ ሰልፍ ቆሟልና ጥያቄው እርሱንም ይመለከታል። በኖቬምበር 1984 የተጀመረው የሙሴ ዘመቻ ወገኖቻችንን ከሱዳን በምሥጢር ሲያመጣ ቆይቶ፣ በጃንዋሪ 1985 መጀመሪያ ወሬው በይፋ ሲወጣ ተቋረጠ፤ እናት ከልጅ ተለያየች፣ ብዙዎችም በዚያው ቀሩ። ወሬን መያዝ ነፍስ እንደሚያድን ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻንም። ጋዜጠኛ ሁሉ ክፉ ነው አንልም፤ መከራችንን ለዓለም ያሰሙ ጋዜጠኞች ባለውለታዎቻችን ናቸው። የምንለው ልዩነቱን ማወቅ ያስፈልጋል ነው።

በሜይ 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ያህል ውስጥ መጡ። ከዚያ ጊዜ የቀሩ ፎቶዎች ላይ በግንባራቸው ቁጥር የተለጠፈባቸው አባቶች፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች ይታያሉ። እነዚህ ሰዎች ዝነኞች አልነበሩም፤ ሆኖም ፊታቸው በሰው ዘንድ ታወቀ፣ ስማቸው ግን ከፎቶው ሥር አልተጻፈም። የልዕልቲቱ ፎቶ በፖስታ ተመለሰላት፤ የእነርሱን ማን መለሰላቸው? የትራምቦ ስም ከአርባ ዓመት በኋላ ተመለሰ፤ የእነርሱስ መቼ ይመለሳል?

ስለዚህ ለተመራማሪዎችም ለቤተሰቦችም የምናሳስበው ነገር አለ። ተመራማሪው የአንዲት እናትን ፎቶ ከማተሙ በፊት ባለቤቷን ወይም ልጆቿን ፈልጎ ይጠይቅ፤ ከፈቀዱ ስሟን ከነአባቷ፣ አገሯንም ከነመንደሯ ይጻፍ፤ ካልፈቀዱ ፎቶውን ይመልስ። ቤተሰቦችም በአሮጌ መጻሕፍትና በቤተ መዛግብት ውስጥ የዘመዶቻቸውን ፊት ሲያገኙ፣ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ስሙን ያስመዝግቡ። ፊልሙንም ከልጆቻችሁ ጋር ተመልከቱት፤ የሚያስቅ ነው፤ ከሳቁ በኋላ ግን ፖስታውን ማን እንደ መለሰና ለምን እንደ መለሰ ጠይቋቸው።