ቢጫው ያረፈበት ቃል

ኮመንት መጻፍ ማንም ይችላል። ቃሉን መምረጥ፣ ኮንትሮልን፣ አልትንና ኤምን አንድ ላይ መጫን፤ በቃ። በጉግል ዶክስም ሆነ በወርድ ቁልፎቹ ያው ሦስቱ ናቸው። አብሬያት የምሠራው አርታኢ ግን ቁልፎቹን ከመጫኗ በፊት የምታደርገው ነገር አለ፤ እኔን የሚገርመኝ እሱ ነው።

ብዙዎቻችን አንቀጹን ከላይ እስከ ታች ቢጫ ቀብተን «ይስተካከል» ብለን እንሄዳለን። ምኑ? ደብዳቤ ላይ «ለሚመለከተው ይመራ» ብሎ ፈርሞ ማሳለፍ የለመደ እጅ ይመስለኛል። እሷ የምትመርጠው አንድ ቃል ነው፤ ቢበዛ ሁለት። ቢጫው ያረፈበትን አይቼ፣ ኮመንቱን ሳላነብ ስህተቴን ያገኘሁበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስለ አንድ ዘበኛ በጻፍኩት ትረካ ውስጥ «ሽማግሌው ሌሊት ሌሊት ይሰማል» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረኝ። «ይሰማል» ላይ ብቻ ቢጫ ጣል አድርጋ በጎኑ ጠየቀችኝ፦ «‹ሰ› ትላላለች ትጠብቃለች?» ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩ። ሰውየው ሌሊት ድምፅ ያዳምጣል ማለቴ ነበር። አጥብቆ ያነበበ ግን ሲያስል ወይ ሲጮህ የሚሰማው ሽማግሌው ራሱ ሊመስለው ነው። ፊደላችን መጥበቅን አያሳይም፤ እኔ ስጽፈው በጆሮዬ ላልቶ ስለመጣ ሌላኛው ንባብ ጨርሶ አልታየኝም። «አሻሚ ነው» ብትለኝ እከራከራት ነበር። ጥያቄዋ ግን ጮክ ብዬ እንዳነብ አደረገኝ። «የጅቦቹን ጩኸት ይሰማል» አልኩና በአንዲት «ን» ተገላገልኩ።

የፊደል ግድፈት ሲሆን ኮመንት አትጽፍም። ሰጀስት ሞድ ውስጥ ገብታ ታርመዋለች፤ እኔ የምቀበለውን እቀበላለሁ። ኮመንት የምታስቀምጠው መልሱ እኔ ዘንድ ብቻ ያለ ነገር ሲገጥማት ነው። «በ2012» ብዬ አልፌ ነበር፤ ቁጥሩ ላይ «በእኛ ነው በፈረንጅ?» መጣ። በእኛ ከሆነ ኮሮና አገራችን የገባበት ዓመት ነው። በፈረንጅ ከሆነ አቶ መለስ ዜናዊ ያረፉበት። አዲስ አበባ ያለው አንባቢ አንዱን፣ ዋሽንግተን ያለው ሌላውን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ራሷ ገምታ ብትሞላው ደግሞ ማንም ልብ አይለውም ነበር፣ እኔም ጭምር።

አንድ ልማድ ደግሞ አላት፤ ጥያቄውን የሚዘጋው የጠየቀው ሰው ነው። መጀመሪያ ላይ ይህን አላወቅኩም። ሥራ በበዛበት ቀን የእሷን ኮመንት ሳልመልስ የመዝጊያዋን ምልክት ተጫንኩና ዘጋሁት። ከጎን ጠፋ፣ እኔም ተገላገልኩ አልኩ። የተዘጋ ኮመንት ግን አይሞትም፤ የኮመንት ታሪኩ ውስጥ ከነሰዓቱ ተቀምጦ ይገኛል። ከምሳ በኋላ ስመለስ ተከፍቶ ጠበቀኝ፣ ከሥሩም «መልሱስ?» ተብሎ። ቁጣ የለበትም፣ ስሜን ታግ አድርጋም ለሌላው አላሳየችብኝም። አፈርኩ እንጂ።

ጽሑፉ ወደ ዲዛይን ሊሄድ ሲል ማታ ላይ ትገባለች። እኔም አንዳንዴ ከፍቼ አያታለሁ፤ ሥራ ፈትነቴ ይታወቅልኝ። ስሟን የያዘችው ጠቋሚ ከላይ ወደ ታች ትወርዳለች፣ ከኋላዋ ቢጫው አንድ በአንድ ይለቃል። መልሴን ሳታነብ የዘጋችው የለም፤ ረዘም ያለ መልስ የጻፍኩበት ላይ ረዘም አድርጋ ስትቆም ይታወቀኛል። ባለፈው ሐሙስ ሁለት ቀርተው ነበር። አንዱን ዘጋች። የመጨረሻው ላይ ቆመች፣ እኔም ጠበቅኩ። ከቆይታ በኋላ ከመልሴ ሥር «ይሄኛው አላሳመነኝም፣ ነገ ጠዋት ደውልልኝ» አለችና ወጣች።