ሥዕል የማይወደው ተማሪ ወይስ ተማሪውን የማያውቀው ትምህርት?

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ትምህርት ቤቶች የሥዕል ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ደብተሩን ሳይገልጥ የሚቀመጥ ተማሪ አይታጣም። መምህሩ «ፍላጎት የለውም» ይለዋል፤ ተማሪውም «ሥዕል አልችልም» ይላል። ሁለቱም አባባሎች ጉዳዩን የሚዘጉ እንጂ የሚመረምሩ አይደሉም። አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ለተማሪው ምን ቀረበለት የሚለው ነው።

የተለመደው አሠራር ይታወቃል። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የአበባ ማስቀመጫ ይሥላል፤ ተማሪዎች ይገለብጣሉ፤ ማርክ የሚሰጠውም ከሰሌዳው ጋር ለተመሳሰለው ነው። መገልበጥ በራሱ ነቀፋ አይገባውም፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ሞያቸውን የቀሰሙት ከመምህራቸው ሥራ እየቀዱ ነው። ይሁን እንጂ የዚያ ደቀ መዝሙር ልምምድ ወደ ግድግዳና ወደ ብራና የሚያደርስ ነበር። የሰሌዳው ግልባጭ ግን ማርክ ከተሰጠበት በኋላ ተመልካች የለውም።

ችግሩን የሚያባብሰው ዕድሜ ነው። ቪክቶር ሎዌንፌልድ እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ ልጅ ወደ 12 ዓመት ሲቃረብ የሥዕሉን ውጤት ከሚያየው ነገር ጋር እያስተያየ ራሱን መንቀፍ ይጀምራል። በዚህ ወቅት መመሳሰልን ብቻ የሚለካ ማርክ ሲታከልበት፥ ዝምታው ስንፍና ሳይሆን ከኀፍረት መሸሸጊያ ይሆናል።

የይፋት ልጅ ቅርጽና ቀለም የማያውቅ አይደለም። ከማሽላ አገዳ መጫወቻ ይሠራል፤ በአለላ ሰፌድና ሞሰብ ሲሰፋ ቀለም ከቀለም ሲዛመድ ያያል፤ በገበያ ቀን ከደጋ የወረደውንና ከአፋር በረሃ የመጣውን በአለባበሱ ይለያል። ይህ ዕውቀት ከክፍሉ በር ውጭ እንዲቀር የተደረገው በትምህርቱ አሰጣጥ ነው።

አንዳንድ መምህራን ለማበረታቻ የአፈወርቅ ተክሌን ስም ይጠራሉ። በ1925 ዓ.ም. አንኮበር የተወለደው ሠዓሊ ለአካባቢው ቅርብ በመሆኑ ምርጫው ተገቢ ነው። ነገር ግን በአፍሪካ አዳራሽ ያሉት ባለቀለም መስኮቶቹ ብቻ ሲወደሱ፥ ተማሪው ሥዕል የባለተሰጥኦ ድርሻ ነው ብሎ ይደመድማል። ይበልጥ የሚያስተምረው የሕይወቱ መነሻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላከው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ሲሆን፥ ወደ ሥዕል የዞረው ከዚያ በኋላ ነው። ዝንባሌ ሌሎች ከመደቡለት ቦታ ውጭ ሊገኝ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይፈለግም።

መፍትሔው ግን የአበባ ማስቀመጫውን በሞሰብ መተካት ብቻ አይደለም። ሞሰቡም በሰሌዳ ተሥሎ ከተገለበጠ የተለወጠ ነገር የለም። ተማሪው ከቤቱ አንድ ዕቃ መርጦ ያምጣ፤ በእጁ ይዳስሰው፤ ቀለምና ወረቀት ቢያጥር በከሰል ይሣል፥ በጭቃም ይቅረጽ። መምህሩም «ይመሳሰላል ወይ?» ከማለት ይልቅ «ይህን ለምን መረጥህ? የቱ አስቸገረህ?» ብሎ ይጠይቀው። ማርኩም የጥረቱንና የምልከታውን እድገት ይመዝን።

በዚህ መንገድ ሁሉም ሠዓሊ አይሆንም፤ እንዲሆንም አይጠበቅም። ነገር ግን «አልችልም» የሚለው ቃል በአንድ ትምህርት ከሠለጠነ ወደ ሌላውም ይዛመታል። ስለዚህ በሥዕል ክፍለ ጊዜ የሚጠፋው አንድ ሥዕል ብቻ ሳይሆን፥ ልጁ በገዛ ዓይኑና በገዛ እጁ ላይ ያለው እምነት ነው።