የታካሚው ጫማና የባለሙያው ወንበር፦ አዋጅ ቁጥር 568/2000 በጤና ባለሙያ ዓይን

ከአየር ጤና ብዙም በማይርቀው የዘነበወርቅ ሰፈር የሚገኘው አለርት በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም ዓላማው የሥጋ ደዌን ማከም፣ ታካሚውን መልሶ ማቋቋምና ባለሙያ ማሠልጠን ነበር። ደዌው ነርቭን ስለሚጎዳ የታካሚው እጅና እግር ሕመም መስማት ያቆማል። ጠጠር የገባበትን ጫማ ሳያወልቅ ይውላል፤ የጋለ ድስት ሳይታወቀው ይጨብጣል። ስለዚህ ሕክምናው በመድኃኒት ብቻ አያበቃም። ጫማው ከውስጥ ለስላሳ፣ ከታች ጠጣር ሆኖ ይሠራለታል፤ ጫናው በመዳፉ ሁሉ እንዲከፋፈል የመሣሪያው እጀታ ይወፍርለታል። በዚህ አሠራር ውስጥ አንድ ታላቅ ሐሳብ አለ፤ የተጎዳው አካል ወደ ቀድሞው ባይመለስ እንኳ መሣሪያው ለሰው ይስተካከላል እንጂ ሰው ከሥራው አይነቀልም።

ይኸው ሐሳብ ከሕክምና ክፍል ወጥቶ የአሠሪ ግዴታ የሆነው በ2000 ዓ.ም. በወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ነው። አዋጁ አጭር ቢሆንም በውስጡ ያለው ቁም ነገር ቀላል አይደለም። አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ተስማሚ የሥራና የሥልጠና ሁኔታ እንዲያመቻች፣ ሠራተኛው ሥራውን እንዲያከናውን የሚያግዘው ረዳት እንዲመድብ፣ በአካል ጉዳተኛ ሴቶች ላይ የሚደርሰውን ድርብ ጫና እንዲያስብበት ያዝዛል። ተመጣጣኝ ማመቻቸት የሚለው ሐረግም የሥራ መሣሪያን ብቻ ሳይሆን የሥራውን መስፈርት፣ የሥራ ሰዓቱንና አካባቢውን ጭምር የሚያካትት ነው። ከዚያ በፊት አካል ጉዳተኛን መርዳት እንደ ምጽዋት ይታይ በነበረበት አገር ይህ ትልቅ እርምጃ ነው።

ሆኖም አዋጁን የጤና ተቋምን ሥራ በሚያውቅ ዓይን ላነበበው ሦስት ክፍተቶች ይታያሉ። አንደኛ፣ አዋጁ አጥብቆ የሚጠብቀው የቅጥር፣ የዕድገትና የዝውውርን በር ነው። ሠላሳ ዓመት በሽተኛ ሲያነሣና ሲያስተኛ ወገቡ ለተጎዳ ነርስ ግን ዋናው ጥያቄ ገብቶ መቀጠር ሳይሆን በሥራው ላይ መቆየት ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 27 በሥራ ላይ እያሉ አካል ጉዳት የሚደርስባቸውን ሰዎች ለይቶ ይጠቅሳል፤ ሥራን ስለ ማቆየትና ወደ ሥራ ስለ መመለስም ይናገራል። አዋጁ ከስምምነቱ ጎን ለጎን ሲነበብ የጎደለው ገጽ በግልጽ ይታያል።

ሁለተኛ፣ አሠሪው ከዐቅም በላይ ነው ብሎ ግዴታውን ሊከላከልበት የሚችልበት ሚዛን አንድ ወገን ብቻ ይመዝናል። የማስተካከያው ዋጋ፣ የድርጅቱ ስፋትና የሥራ ማስኬጃው ወጪ ይቆጠራሉ። ለብዙ ዓመታት የሠለጠነ ባለሙያ ሲታጣ ተቋሙ የሚከስረው ግን በሚዛኑ ላይ አይወጣም። ከፍና ዝቅ የሚል ወንበር ዋጋው በደረሰኝ ይታወቃል፤ ደም ሥር በአንድ ጊዜ የሚያገኝ የለመደ እጅ ግን ደረሰኝ የለውም።

ሦስተኛ፣ ሠራተኛው ማስተካከያውን ለማን እንደሚጠይቅ፣ መልሱንም በስንት ቀን እንደሚያገኝ አዋጁ ራሱ ደረጃ በደረጃ አልዘረዘረም። መንገድ ያልተበጀለት መብት በአለቃው መልካም ፈቃድ ላይ ይወድቃል።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በአዋጁ ላይ መጣል ፍትሐዊ አይሆንም። የጤና ባለሙያው ራሱ ሊጠየቅበት የሚገባ ነገር አለ። ለታካሚው የሠራውን ለሥራ ባልደረባው መሥራት ይከብደዋል። ለተቆረጠ እግር ሰው ሠራሽ እግር ያዘዘ ሐኪም፣ ያው እግር የራሱ ባልደረባ የሆነ ጊዜ «ተረኝነት አይችልም» የሚል የመጀመሪያው ሰው ሊሆን ይችላል። ሙያው ጤነኛው አካሚ፣ በሽተኛው ታካሚ የሚል ግንብ ሠርቷል፤ በግንቡ ሳቢያም ብዙ ባለሙያ ጉዳቱን ደብቆ ይሠራል። የሚደበቅ ጉዳት ደግሞ ለሠራተኛውም ለታካሚውም አደገኛ ነው። መስማት የተሳነው የላቦራቶሪ ባለሙያ በደወል ፈንታ የሚበራ መብራት ቢደረግለት ናሙናው አይበላሽም። ችግሩን እንዳይናገር ከተፈራ ግን ይበላሻል።

የእንስሳት ሐኪሞች ሥራ ነገሩን ይበልጥ ያጎላዋል። ሥራው ጉልበት ይጠይቃል፤ የሚረግጥና የሚወጋ ከብት ፊት መቆም፣ ሩቅ ቀበሌ ድረስ በእግር መጓዝ አለበት። ስለዚህ «የሥራው ጠባይ አይፈቅድም» የሚለው ቃል ከሌላው ሁሉ ይልቅ እዚህ ቶሎ ይመጣል። ነገር ግን ከብቱን አጥብቆ የሚይዝ ጠንካራ የእንጨት መግቢያ ቢሠራ የሚጠቀመው አካል ጉዳተኛው ሐኪም ብቻ አይደለም፤ እርግጫ የሚፈራ ሐኪም ሁሉ ይጠቀማል። የሥጋ ምርመራ፣ የላቦራቶሪ ሥራና የበሽታ ቅኝትም የዚያው ሙያ ክፍሎች ናቸው። የሥራው ጠባይ የሚባለው ብዙውን ጊዜ የለመድነው አሠራር እንጂ የሥራው ባሕርይ አይደለም። ስለዚህ ይህን ልዩነት አሠሪው በግልጽ ሊያስረዳ ይገባል።

እንግዲህ የዚህ አዋጅ ትልቁ ፈተና በፍርድ ቤት ሳይሆን በየሆስፒታሉ የተረኛ ክፍልና በየእንስሳት ክሊኒኩ ነው። ለጠፋው የእግር ስሜት ጫማ የሠራ ሙያ፣ ወገቡ ለታመመ ነርስ ወንበር መሥራት አይሳነውም። ጥበቡ በእጁ ነው፤ የጎደለው ባልደረባን እንደ ታካሚው ያህል የመመልከት ፈቃድ ነው።